በኪሎ የተሸጠው መዝገብ

ለሆቴል ሙያ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፤

ባለፈው ወር አንዲት የቱሪዝምና የሆቴል አስተዳደር ተማሪ እዚህ ሐዋሳ ቤቴ ድረስ መጥታ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ጋሼ፣ በሐይቁ ዳር ሆቴል በየዓመቱ ይደረግ የነበረውን የቴኒስ ውድድር እነማን እንዳሸነፉ የተጻፈ ነገር ይኖርዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሆቴሎችና ስለ ስፖርት ውድድሮች ነው። እኔ በዚያ ሆቴል ከኳስ አቀባይነት ተነሥቼ ሒሳብ ሹም እስከ መሆን ስለ ደረስኩ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እንደማይኖር ነግረዋት ነው የመጣችው። «የለኝም» አልኳት። እውነት ነው፣ የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ግን አልነገርኳትም፤ ወሬውን ወደ ሌላ አዙሬ ሁለተኛውን ቡና አስቀዳሁላት። ይህን የሚያስጽፈኝ እሷ ከሄደች በኋላ የተሰማኝ ኀፍረት ነው።

በ1966 ዓ.ም. መስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ስለ ሆነ ከከተማዬ በሁለት ዓመት እበልጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሆቴሉ ቀይ አፈር ሜዳ ኳስ እያቀበልኩ በአንድ ጨዋታ ስሙኒ አገኝ ነበር። አጥሩን ዘልላ ቄጤማው ውስጥ የገባችውን ኳስ ለማውጣት እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ እገባለሁ፤ የረጠበች ኳስ ስለማትነጥር ፀሐይ ላይ እናሰጣታለን፤ እስክትደርቅ ድረስ አባ ኮዳ የምንላቸው ትላልቅ ወፎች ምግብ መስላቸው እየተንጎራደዱ ስለሚመጡ እነሱንም መጠበቅ የእኔው ሥራ ነበር። በዚያን ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ህንዳውያን መምህራን ያስተምሩ ነበር። የእኛ የሒሳብ መምህር የማድራስ ሰው ሲሆኑ፣ የሆቴሉን ውድድር ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በየዓመቱ በጥምቀት ሰሞን መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የእርሻ ባለሙያዎችና ከአዲስ አበባ ለመዝናናት የሚመጡ እንግዶች ዕጣ አውጥተው ይጫወቱ ነበር። የዓለም ነገር አልነበረም፤ ዋንጫውም የአንድ ብርጭቆ ያህል ነበር።

በዚያ መስከረም ማለቂያ ላይ መምህሩ ከቤተሰቦቻቸው በፖስታ የተላከላቸውን የጋዜጣ ቁራጭ ይዘው ወደ ሜዳው መጡ። የከተማቸው ልጅ ቪጄይ አምሪትራጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ፣ ብሬተን ውድስ በሚባል ተራራማ ስፍራ በሚገኝ የመዝናኛ ሆቴል በተደረገው የቮልቮ ኢንተርናሽናል የቴኒስ ውድድር፣ ጂሚ ኮነርስን በፍጻሜው በሦስት ዙር (ቴኒሰኞች «ሴት» በሚሉት) አሸንፎ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ በአሜሪካ ክፍት ውድድር ሮድ ላቨርን አስወጣ፤ ላቨር ማለት አራቱን ታላላቅ ዋንጫዎች በአንድ ዓመት ጠቅልሎ መውሰድን በ1962 እና በ1969 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ የፈጸመ ሰው ነው። መምህሩ ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለሱ ሲያነቡልን ድምፃቸው ተቆራረጠ። ክፍል ውስጥ በዱላቸው የምንፈራቸው ሰው ዓይናቸው እንባ ሲያቀር ሳይ፣ ቴኒስ ስሙኒ ከሚገኝበት ሥራ የበለጠ ነገር መሆኑ ያን ቀን ገባኝ። ቁራጩንም በዱቄት ሊጥ በውድድሩ መዝገብ ሽፋን ውስጥ ለጠፉት።

ይህ መዝገብ ጀርባው ቆዳ የሆነ ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ነበር። የየዓመቱ ዕጣ፣ የየጨዋታው ውጤት፣ የዳኞች ስም፣ ለሜዳው የተገዛው ኖራ፣ ለእንግዶች የቀረበው ሻይና አምቦ ውኃ ሁሉ ይጻፍበታል። መምህሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለሜዳው ጠባቂ አስረከቡት። ጠባቂውን ሁላችንም «አባ ሜዳ» ነበር የምንላቸው፤ ማንበብ ባይችሉም መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልለው በመደልደያው አጠገብ ያስቀምጡት ነበር። ውጤቱን እንድጽፍ ከዚያ በኋላ የሚያዙት እኔን ነበር።

የብሬተን ውድሱ ሆቴል ከልጅነቴ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ሒሳብ ስማር ደግሞ በሌላ በር መጣብኝ። ማውንት ዋሽንግተን ሆቴል ይባላል፤ በኒው ሃምፕሻየር የሚገኝ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሕንፃ ነው። የአርባ አራት አገሮች መልእክተኞች በሐምሌ 1944 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው የዓለምን ገንዘብ ሥርዓት የወሰኑት፣ አንድ ወቄት ወርቅ በሠላሳ አምስት ዶላር እንዲጸና የተስማሙት እዚያ ነው። ከአርባ አራቱ አንዷ ከወረራ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ የነበረው ኢትዮጵያ ስትሆን፣ መልእክተኛዋም ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ነበሩ። የሚያስገርመው፣ ያ የገንዘብ ሥርዓት ፈርሶ ታላላቆቹ ገንዘቦች መዋዠቅ የጀመሩት አምሪትራጅ በዚያው ሆቴል ዋንጫ ባነሣበት በ1973 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። የእኛም ብር አንድ ዶላር በ2.07 የተተመነው በዚያው ዓመት ነበር፤ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ አልተነቃነቀም። ከሒሳብ ሹም ጋር የሚጨዋወት ሰው ይህን መስማት ግዴታው ነው።

የቮልቮው ውድድር በብሬተን ውድሱ ሆቴል የቆየው ሁለት ክረምት ብቻ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ላቨር ሃሮልድ ሰለሞንን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ በማግሥቱ ዓመት ውድድሩ እዚያው ክፍለ አገር ወደምትገኘው ኖርዝ ኮንዌይ ተዛወረ፤ በ1985 ወደ ቨርሞንት ስትራተን ተራራ፣ በ1990 ደግሞ ወደ ኒው ሄቨን ሄደ። እንዲህ ከሆቴል ወደ ተራራ፣ ከተራራ ወደ ከተማ ሲንከራተት የኖረ ውድድር ነው፤ ሆኖም ማን መቼ ማንን እንዳሸነፈ ሐዋሳ ተቀምጬ ከልጅ ልጄ ስልክ ላይ ማንበብ እችላለሁ። በ1987 እ.ኤ.አ. የስትራተኑ የፍጻሜ ጨዋታ በዝናብ ምክንያት ሳያልቅ ቀርቷል፤ «አላለቀም» ተብሎ ተጽፏል። ይህችን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ለምን እንደ ሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የእኛ ውድድር በአንድ ቀን አልሞተም። ብሩ በ2.07 ጸንቶ ቢቆይም፣ ለቴኒስ ኳስ የውጭ ምንዛሪ የሚፈቅድ አልነበረም፤ ፀጉሯ ያለቀ ኳስ እስከ ስንት ዓመት እንደምታጫውት እኔ አውቃለሁ። ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ፤ ወደ ግንባር የሄዱም ነበሩ። ሜዳው መጀመሪያ የአንሶላ ማስጫ፣ ቆይቶም የሠርግ ድንኳን መትከያ ሆነ።

በ1984 ዓ.ም. አሮጌ ንብረት እንዲወገድ ትእዛዝ ሲመጣ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። የተሰበሩ ወንበሮች፣ የተቀዳደዱ ፍራሾች፣ ዝገት የበላው መደልደያና አራት ጆንያ አሮጌ ወረቀት በዝርዝሩ ገቡ፤ መዝገቡም ከወረቀቱ ጋር ነበር። አባ ሜዳ ወደ ግምጃ ቤቱ በር መጡ። ከኳስ አቀባይነቴ ጀምሮ «አንተ» ነበር የሚሉኝ፤ ከረባት ካሰርኩ በኋላም አልተዉትም፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይህቺን መዝገብ ለእኔ ተዋት» አሉኝ። እኔም በዝርዝር የተያዘ የመንግሥት ንብረት ለግለሰብ እንደማይሰጥ፣ ከፈለጉ በጨረታው ቀርበው መግዛት እንደሚችሉ አስረዳኋቸው። አራቱ ጆንያ በአንድነት እንጂ በነጠላ እንደማይሸጥ እያወቅሁ ነው ይህን ያልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንደ ፈቀዱ፣ ጌታዬ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ጊዜ «አንተ» ብለውኝ አያውቁም። ልጆቼ፣ ሰው በአክብሮት ቃል ሊቀጣችሁ እንደሚችል ያኔ ነው የተማርኩት።

ወረቀቱ በኪሎ ተሸጠ፤ ደረሰኙን የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በኩል በእግሬ ስመላለስ፣ ከልጆቹ ቆሎና ኦቾሎኒ እየገዛሁ መጠቅለያውን እዘረጋ ነበር። አንድ ጊዜ የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ደረሰኝ ደረሰኝ፤ የዋና ልብስና ሁለት ፎጣ ይላል። ሌላ አንዳች አላገኘሁም። ከሠራተኞቹ መካከል ኦቾሎኒ ወዳድ የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር።

ደንብ ማክበሬ ስሕተት አልነበረም። ዛሬም በዚያ ወንበር ብቀመጥ የመንግሥትን ንብረት ለሰው አላድልም፤ በየቢሮው ምሕረት እያሉ ስንቱን እንዳራቆቱ አይቻለሁና። ግን ልሰጣቸው ይገባኝ ነበር። ሁለቱን ለማስታረቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቤ አልሆነልኝም። ከዝርዝሩ አንድ መስመር ሰርዤ ፓራፍ ባደርግበት ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ይህንንም ያወቅሁት ያኔውኑ ነው፣ በኋላ የመጣልኝ ብልሃት አይደለም።

ሰዓት ስለ ማክበር፣ እንግዳን በፈገግታ ስለ መቀበል እናቶቻችሁና መምህሮቻችሁ ነግረዋችኋልና እኔ አልደግመውም። የምጠይቃችሁ፣ በምትሠሩበት ሆቴል አንድ ጆንያ ወረቀት ወደ ውጭ ሲወጣ ብታዩ የላይኛውን ገጽ ገልጣችሁ እንድታነቡ ነው። ሌላው ሁሉ የእኔ ቅሬታ ነው፤ ካልወደዳችሁት እለፉት። የዛሬ ወጣት ምግቡን ሳይቀምስ ፎቶ ያነሣዋል፤ ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ያሉት እነማን እንደ ሆኑ፣ ዕለቱም መቼ እንደ ነበር አይጽፍም። የልጅ ልጄን የወንድሙን ሠርግ ፎቶ አሳየኝ ብዬ ብጠይቀው፣ «አያ፣ ስልኩ ጠፍቷል» አለኝ። ቁጣዬን ዋጥኩ፤ ስልኩ ሳይፈልግ ጠፋበት፣ እኔ ግን መዝገቡን በፊርማዬ ነው የሸኘሁት። ያቺ ተማሪም የዛሬ ወጣት ናት፤ ማንም ያልጠየቀኝን የጠየቀችኝ እሷ ናት።

ትናንት ደወልኩላትና የማስታውሰውን ሁሉ እንድትጽፍ በመጪው ቅዳሜ እንድትመጣ ነገርኳት። ስለ 1972 ዓ.ም. የፍጻሜ ጨዋታም እነግራታለሁ። የሚጫወቱት አንድ የእርሻ ባለሙያና አንድ የባንክ ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ አንድ አንድ ዙር አሸንፈው ሳለ ያለ ወትሮው የጥር ዝናብ ወረደና ቀዩ አፈር ጭቃ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲጨርሱ ተስማሙ፤ ረቡዕ ዕለት የእርሻ ባለሙያው የዝውውር ደብዳቤ ደርሶት ወደ ባሌ ሄደ። ገንዘብ ያዡ ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሲሠራ ለዓመታት አይቼዋለሁ። በመዝገቡ ላይ ውጤቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የብዕሩን ቀለም እንኳ አስታውሳለሁ፣ አረንጓዴ ነበር። የገንዘብ ያዡን ስም ጽፌ ይሁን፣ ቦታውን ባዶ ትቼው ይሁን ግን አላስታውስም።