አረቦን፣ ጠለፋ፣ ሟችነት፦ ስለ አክቹዋሪ ሙያ ቃላት ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ የመድን ቅርንጫፍ፣ በሕይወት መድን ክፍል፣ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አክቹዋሪ (ለመድንና ለጡረታ የወደፊቱን ወጪ የሚያሰላ ባለሙያ) አይደለሁም። አክቹዋሪዎች ሠርተው የሚልኩልንን ሰንጠረዥ ለደንበኛ በአማርኛ፣ ሲያስፈልግም በኦሮምኛና በሶማሊኛ የማስረዳ ሰው ነበርኩ። በእነዚያ ዓመታት ሰውን ሲያስቸግር ያየሁት ከሒሳቡ ይልቅ ቃሉ ነው። ሰው ያልገባው ቃል ላይ ይፈርማል፤ የፈረመውን የሚረዳው ደግሞ ችግር ሲደርስበት ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ከድሬም ከሐረርም ብዙ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። በድሬ ወግ «አንተ»፣ «አንቺ» እያልኩ ነው የምመልሰው፤ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ)፦ አክቹዋሪና ኦዲተር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ቃሉስ ከ«አክቹዋል» ጋር ይገናኛል?

በሥራቸው ሁለቱ ጀርባና ፊት ናቸው። ኦዲተር የሆነውን ይመረምራል፤ ባለፈው ዓመት የገባው የወጣው በትክክል ተመዝግቧል ወይ ይላል። አክቹዋሪ ያልሆነውን ይገምታል፦ ዛሬ ውል የገቡት ሰዎች በሚቀጥሉት ሃያ፣ ሠላሳ ዓመታት ስንት ያስከፍሉናል? ለዚያ ዛሬ ስንት ብር መያዝ አለበት? እናንተ ክፍል ውስጥ «አክቹዋል» የምትሉት በእርግጥ የወጣውን ገንዘብ ነው። ሁለቱ ቃላት በላቲን አንድ ሥር አላቸው፤ በሥራ ላይ ግን አንዱ ወዳለፈው፣ ሌላው ወደሚመጣው ያያል።

በላቲን «አክቱዋሪዩስ» ጸሐፊ፣ መዝገብ ያዥ ማለት ነበር። ቃሉ ወደ መድን የገባው እ.ኤ.አ. በ1762 ለንደን ላይ ኢኩዊተብል የሚባል የሕይወት መድን ማኅበር ሲቋቋም ነው፤ ማኅበሩ ዋና ሹሙን «አክቹዋሪ» ብሎ ሰየመው። የዚያ ሹም ሥራ እያደር ወደ ሒሳቡ አደላና ስሙ የሙያው ስም ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1848 ደግሞ ባለሙያዎቹ እዚያው ለንደን የራሳቸውን ተቋም መሠረቱ።

ስለ አጻጻፉ፦ «አክቿሪ» የሚልም አለ፤ እኔ «አክቹዋሪ» እመርጣለሁ፣ ለማንበብ ይቀላል። ሰውየው አክቹዋሪ፣ ትምህርቱ አክቹዋሪያል ሳይንስ ነው። «አክቹዋሪያል ነኝ» አይባልም።

ጥያቄ (ከመጋላ፣ ነጋዴ)፦ አባቴ ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር ሲሠራ «ዐርቡን» ይል ነበር፤ ቀብድ ማለት ነው። ዕቃውን ስትወስድ ከዋጋው ይታሰብልሃል። የመድን አረቦን ግን ዓመቱን ሙሉ አደጋ ባይደርስብኝም አይመለስም። ለምን?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ያባትህ ጆሮ ልክ ነው። አረቦንና ዐርቡን አንድ ቃል ናቸው። ግእዙ ዐረቦን፣ ዕብራይስጡ ዔራቦን ይለዋል፤ በኦሪት ዘፍጥረት ይሁዳ ለትዕማር ማኅተሙንና በትሩን ሲያስይዝ ዕብራይስጡ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ትርጉሙ መያዣ ነው። የመድን አማርኛችን ግን ይህን የመያዣ ቃል ወስዶ ለዋጋ ሰጠው። አለመግባባቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አረቦን ስትከፍል ቀብድ አላስያዝክም፤ ሙሉ ዋጋ ከፍለሃል።

የገዛኸው ምንድን ነው? በምሳሌ ልንገርህ፤ ቁጥሩ የእኔ ነው። 2,000 ባጃጅ መድን ገባ እንበል። በዓመት ውስጥ 100ዎቹ ቢጋጩና የእያንዳንዱ ጥገና በአማካይ 30,000 ብር ቢፈጅ ጠቅላላው 3,000,000 ብር ነው። ለ2,000 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,500 ብር ይደርሰዋል። ይህ «ንጹሕ አረቦን» ይባላል። የቢሮ ወጪ፣ የወኪል ኮሚሽን፣ ለክፉ ዓመት የሚያዝ መጠባበቂያና የድርጅቱ ትርፍ ሲጨመርበት አንተ የምትከፍለው «ጠቅላላ አረቦን» ይሆናል። ባጃጅህ ሳትነካ ዓመቱ ቢያልቅ ያ 1,500 ብር ለተጋጩት 100 ሰዎች ሄዷል። ብርህ አልተበላም፤ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከመቶዎቹ አንዱ ትሁን አትሁን አንተም እኛም አናውቅም ነበር።

ጥያቄ (ከሐረር ጀጎል፣ እናት)፦ በአፎቻችን (የለቅሶና የሠርግ መረዳጃ ማኅበራችን) ወጣቱም አዛውንቱም እኩል ያዋጣል። መድን ለምን ባረጀ ላይ ያስወድዳል?

እናቴ፣ አፎቻም ዕድርም እኩል ማስከፈል የሚችሉት ሰው ስለሚተዋወቅ ነው። ልጅ ሳለሽ ገብተሽ አብረሽ ታረጂያለሽ፤ ዛሬ ለትልልቆቹ ያዋጣሽው ነገ በልጆቹ ይመለሳል። ታምሞ ሊሞት ሲል ብቻ መጥቶ ልመዝገብ የሚል ቢኖር ጎረቤቱ ያውቀዋል። መድን ድርጅት ግን የማያውቀውን ሰው ነው የሚመዘግበው። ለ25 ዓመት ወጣትና ለ60 ዓመት ሰው አንድ ዋጋ ቢያወጣ ወጣቱ «በዛብኝ» ብሎ ይቀራል፤ የሚቀሩት አዛውንትና በሽተኞች ይሆናሉ። ዋጋው ይጨምራል፣ ከቀሩትም ጤነኞቹ ይወጣሉ፣ ደግሞ ይጨምራል። ባለሙያዎቹ «አድቨርስ ሰሌክሽን» የሚሉት ይህን ነው። ጥሩ የአማርኛ ስም እስካሁን አላገኘሁለትም፤ እኔ «ስጋት ያለበት ብቻ ሲመጣ» እያልኩ ነበር የማስረዳው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ አፎቻን «ያላደገ መድን» ሲሉ አልስማማም ነበር። መድን ብር ይሰጣል። አፎቻ ከብሩ ጋር ሰው ይሰጣል፤ ለለቅሶ የሚቀመጥ፣ ለሠርግ የሚሠራ። የትኛውም ሰንጠረዥ ይህን አይተምነውም።

ጥያቄ (ጡረታ የወጡ መምህር)፦ «አማካይ ዕድሜ» ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልፌዋለሁ። ከእንግዲህ ያለው ትርፍ ነው ማለት ነው? «አበል» እና «ዳረጎት» የሚሉትንስ ለይተህ ንገረኝ።

እርስዎን ግን «አንተ» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። የለም መምህር፣ ትርፍ አይደለም። አማካይ ዕድሜ በዜና ሲነገር ብዙ ጊዜ ከልደት ጀምሮ የተሰላ ነው፤ በጨቅላነት የሞቱትም ገብተውበታል። እነሱ አማካዩን ቁልቁል ይጎትቱታል።

ይህን በግልጽ ያሳየው የከዋክብት ተመራማሪው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1693 የብሬስላውን ከተማ፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለችውን፣ የልደትና የሞት መዝገብ ይዞ ሰንጠረዥ ሠራ። በአንድ ዓመታቸው ከ1,000 ልጆች ይጀምራል። 20 ዓመት የሚደርሱት 598 ናቸው፤ 60 የሚደርሱት 242። 35 ሳይሞላቸው ግማሾቹ የሉም። አሁን ግን እርስዎ እንደ ቆሙበት 60 ላይ ቆመው ይቁጠሩ፦ ከ242ቱ ውስጥ 142ቱ 70 ይደርሳሉ። ከግማሽ በላይ ናቸው፤ ያውም አንቲባዮቲክ በሌለበት ዘመን። ስለዚህ አክቹዋሪ «አማካይ ዕድሜ ስንት ነው?» አይልም፤ «ለደረሰበት ዕድሜ ከእንግዲህ ምን ያህል ይጠበቃል?» ይላል። እርስዎን የሚመለከተው ይህኛው ነው፤ እሱም ቢሆን የብዙ ሰው አማካይ እንጂ ለአንድ ሰው የተቆረጠ ቀን አይደለም። በሥራዬ ደጋግሜ ያልኩት ዓረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሰንጠረዡ ከሺህ ሰው ስንት እንደሚሞት ይገምታል፤ ማን እንደሚሞት አይናገርም።

የጡረታ አበል በየወሩ፣ በሕይወት እስካሉ የሚከፈል ነው። ዳረጎት አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው፤ ለአበል የሚያበቃ 10 ዓመት አገልግሎት ሳይሞላ ለቀረ ሰው ይሰጣል። አበሉ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን ከ10 በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት ላስተማረ 55 በመቶ ይመጣል። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚሰበሰበው መዋጮ ለዚህ ሁሉ ጡረተኛ፣ ሟች ትቶት ለሄደው ባል ወይም ሚስትም ጭምር ይበቃ እንደሆነ መመርመር የአክቹዋሪ ሥራ ነው። «የአክቹዋሪ ግምገማ» ሲባል ከሰሙ ይህ ነው።

ጥያቄ (ከለገሀሬ)፦ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየን ሰዎች ነን። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል አንዴ ከመጣ መቶ ዓመት አይመለስም ማለት ነው?

አይደለም፤ እባካችሁ ይህን ለልጆቻችሁም ንገሩ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በዚያች ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አጥተናል፤ ከዚያ ወዲህ «የእኛ ዕጣ ወጣ» የሚል ሰው ሰምቼ አዝኛለሁ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ማለት በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። ወንዝ አምና መምጣቱን አይቆጥርም። ዘንድሮም 1 በመቶ፣ ለከርሞም 1 በመቶ ነው። ወንዙ ዳር 30 ዓመት ለሚኖር ቤተሰብ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል፤ ከአራት አንድ ማለት ነው። ስያሜው ራሱ ያሳስታል፤ «በዓመት የአንድ በመቶ ጎርፍ» ቢባል ይሻል ነበር።

ጥያቄ፦ «የጠለፋ መድን» ምን የሚሉት ስም ነው? አውሮፕላን ሲጠለፍ የሚከፍል መስሎኝ ነበር።

ብዙ ሰው እንዲሁ ይመስለዋል። ቃሉ የመጣው ከአሮጌው የፍርድ አማርኛ ነው። ዱሮ ዋስ ራሱ እንዳይከዳ ሌላ ዋስ ይጠራበት ነበር፤ የዋስ ዋስ፣ «የጠለፋ ዋስ» ይባላል። የጠለፋ መድን ለመድን ሰጪው ዋስ የሚሆን መድን ነው፤ ድርጅቱ ብቻውን የማይችለውን ጉዳት ይካፈለዋል። የኢትዮጵያ የጠለፋ መድን አክሲዮን ማኅበር በ2008 ሥራ ሲጀምር ይህ ስም ወጣበት። እኔ ከሙያው ቃላት ሁሉ እጅግ የምኮራበት እሱ ነው፤ ማንም አልተረጎመውም፣ ከዱሮው የፍርድ ወጋችን የመጣ ነው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ተካፉል (በእስልምና ሕግ የሚሠራ መድን) ውስጥ አክቹዋሪ ምን ያደርጋል? እኛ እኮ ሪስክ (ስጋት) አንሸጥም።

ተካፉል ከዐረብኛው «ከፋላ» የመጣ ነው፤ ዋስትና ማለት ነው። ተካፉል እርስ በርስ ዋስ መሆን ነው። አባላቱ የሚከፍሉት በመዋጮ ስም ወደ ጋራ ፈንድ ይገባል፤ ድርጅቱ ፈንዱን ያስተዳድራል። ፈንዱ ግን ለተቸገረው አባል መብቃት አለበት፤ ስንት ቢዋጣ እንደሚበቃ የሚያሰላ ሰው እዚያም ያስፈልጋል። ሒሳቡ አይለወጥም፤ የውሉ መልክ ነው የሚለወጠው። ስለ ፈቃድና ክልከላው ዑለማዎችን ጠይቅ፤ የእኔ ቦታ አይደለም።

አጫጭር ጥያቄዎች

ሞርታሊቲና ሞርቢዲቲ፦ ሟችነትና ሕመምተኝነት። ከስንት ሰው ስንቱ ይሞታል፣ ስንቱ ይታመማል።

ሞራል ሃዛርድ፦ «የሞራል አደጋ» ተብሎ ሲተረጎም ደንበኛው ሥነ ምግባር የለውም የተባለ ይመስላል። መድን ስላለን ብቻ ጥንቃቄያችን ሲላላ ማለት ነው፤ ባጃጁን ሳይቆልፍ የሚያድር ሰው ሌባ አይደለም።

የተከሰተ ግን ያልተነገረ ጉዳት፦ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው የደረሰ ግጭት ለድርጅቱ የሚነገረው በሚቀጥለው ዓመት ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ግን ከአሁኑ መያዝ አለበት።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ የሕይወት መድን ቅጽ ላይ «ዕድሜ» ሲል የትኛውን ልጻፍ?

መጀመሪያ ጠይቂ፦ ያለፈው ልደትሽ ላይ የሞላሽን ነው ወይስ የሚመጣው ላይ የሚሞላሽን? በሙያው ሁለቱም ያሠራሉ፤ የአንድ ዓመት ልዩነት ደግሞ አረቦንሽን ይለውጣል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በራሴ ወንድም ላይ የደረሰውን ልንገርሽ፦ የተወለደው በ1970 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በአንድ ድርጅት ቅጹን የሞላችው ልጅ 1970ን እንደ ፈረንጅ ዓመት አስገባችው። በወረቀት ላይ ወደ ስምንት ዓመት አረጀ፤ ስሕተቱን እስክናገኘው ድረስ አራት ዓመት ሙሉ የአረጋዊ አረቦን ከፈለ። ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለሽ በእጅሽ ጻፊ፤ ውሉ ሲመጣም መጀመሪያ የምታነቢው መስመር የልደት ቀንሽ ይሁን።