ሸሪዓ ላጥና ወይስ ሕገ መንግሥት?

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። የ4ኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነሽ። ወሎ ኪታብ ስለቀራሽ ዐረብኛ ታነቢያለሽ። ማስተርሴን በሸሪዓ ልያዝ ወይስ በሕገ መንግሥት ትያለሽ። አጎትሽ ደግሞ «ሁለቱ አይገጥሙም፣ አንዱን ምረጪ» ብለውሻል።

አጎትሽን ባከብርም በዚህ አልስማማም። የሙስሊም አገሮችን «ሃይማኖታዊ» እና «ዘመናዊ» ብለሽ ለሁለት ልክፈል ካልሽ ገና ከጅምሩ ትቸገሪያለሽ። ቱርክ ትቀላለች፤ በፈረንጆቹ 1924 ኸሊፋነትን ሽራ በ1926 የስዊዘርላንድን የፍትሐ ብሔር ሕግ ወሰደች። ኢራንስ? ሕዝቡ ፓርላማ ይመርጣል። የወጣውን ሕግ ግን የጠባቂዎች ምክር ቤት ካላጸደቀው አይሠራም። ከ12ቱ አባላት 6ቱ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት፣ 6ቱ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። እሷን የት ትመድቢያታለሽ?

እኔን የምትጥመኝ ግብፅ ናት። የ1949ኙ የፍትሐ ብሔር ሕጓ ዕዳውን ያዘገየ ሰው ወለድ እንዲከፍል ያዛል። በ1980 ደግሞ ሕገ መንግሥቷ ተሻሽሎ የሸሪዓ መርሆዎች ዋናው የሕግ ምንጭ ሆኑ። አንድ የቀዶ ሕክምና ዕቃ አቅራቢ ገንዘቤ ዘገየብኝ ብሎ የካይሮውን የእስልምና ዩኒቨርሲቲ፣ የአል-አዝሃርን፣ የሕክምና ፋኩልቲ ከሶ ነበር። ፍርድ ቤት ዕዳውን ከነ4 በመቶ ወለዱ ክፈሉ አለ። አስቢው፣ አል-አዝሃር ወለድ ሊከፍል! ወለድ በሸሪዓ ክልክል ነው፣ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል በሚል ክርክር ጉዳዩ ጠቅላይ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1985 አል-አዝሃር ተረታ። ፍርድ ቤቱ ወለድ ሐላል ነው አላለም። ማሻሻያው የሚያስረው ከዚያ ወዲህ የሚወጡትን ሕጎች ነው፣ የቀድሞዎቹን ማስተካከል የሕግ አውጪው ሥራ ነው አለ። ይህን ፍርድ የሪባን (የወለድን) ክልከላ ብቻ የሚያውቅ አይረዳውም። ሕገ መንግሥት ብቻ የተማረም እንደዚያው።

እኛም ዘንድ አለ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 ሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብና የግል ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ እንዲያይ ይፈቅዳል። በእኛ 1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አንዱ ወገን ሳይፈቅድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየ የውርስ ክርክር ውሳኔን ሽሯል።

ስለዚህ ምክሬ፦ ዲግሪውን በሕገ መንግሥት ያዢ። የቀጣሪው በር በሱ ሰፋ ይላል። ፊቅሁን እዚያው ሼሁ ዘንድ ቅሪ፤ ክፍያ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ከዩኒቨርሲቲው ይጠልቃል። ቴሲስሽን ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ሥሪ። ወለድ ጥሩ ርዕስ ነው፤ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ውሉን በሁለቱም ዓይን የሚያነብ ሰው ይፈለጋል። መምህርነት ብቻ ከሆነ ሐሳብሽ ግን ቦታው ጥቂት ነው፣ አልዋሽሽም።

ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት የ1985ቱን ፍርድ በዐረብኛ ፈልገሽ አንብቢ። በሁለት ገጽ አማርኛ ጻፊልኝና ላኪልኝ። አማካሪ የሚሆንሽን መምህር የምናናግረው በሱ ነው።