ዲስኩን የቀረጸው ማን ነው፣ ምስሉስ የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ፕሮፌሽናል ዲስክ ጎልፍ (ዲስክ እየወረወሩ ቅርጫት ውስጥ የሚያስገቡበት ስፖርት) ቀረጻና ስለ ስርጭት መብት ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን እነሆ። ስለ ሕግ የምንለው ትልልቆቹ ውድድሮች የሚበዙባትን የአሜሪካን ሕግ ተመርኩዘን ነው፤ ሌላ አገር የምትቀርጹ የአገሩን ሕግ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ውድድሩ በቀጥታ በክፍያ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይለቀቃል። ለምን ሁለት ጊዜ?

ሥራቸው ስለሚለያይ ነው። የውድድር አዘጋጁ ዲስክ ጎልፍ ፕሮ ቱር እ.ኤ.አ. በ2020 የሚከፈልበትን የቀጥታ ስርጭት፣ ዲስክ ጎልፍ ኔትወርክን የጀመረው ውጤቱን ሳይሰማ ማየት ለሚፈልግ ተመልካች ነው። እንደ ጆሜዝፕሮ ያሉት የዩቲዩብ ቀራጮች ደግሞ አንድ ግሩፕ፣ ማለትም አራት ተጫዋቾችን ይከተሉና መራመዱንና መጠበቁን ቆርጠው ያወጡታል። ሰዓታት የፈጀው ዙር ዘጠኝ ዘጠኝ ሆል (ከመወርወሪያው እስከ ቅርጫቱ ያለ አንድ የጨዋታ ክፍል) በያዙ ሁለት አጫጭር ቪዲዮዎች ያልቃል፤ ኔት ሴክስተንና ጀረሚ ኮሊንግን የመሰሉ ተጫዋቾች ራሳቸው ምስሉን እያዩ ይተነትኑታል። ውርወራ ለመማር ይኼኛው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በኦግደን፣ ዩታ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ ጄምስ ኮንራድ በመጨረሻው ሆል ከ75 ሜትር ገደማ ወርውሮ ቅርጫት ውስጥ አስገባ፤ ከፖል ማክቤዝ ጋር እኩል ወጣና በተጨማሪ ሆል አሸነፈ። ያንን በቀጥታ ያየ ሰው ያገኘውን ደስታ፣ ውጤቱን አውቆ በማግስቱ የከፈተው ሰው ሊያገኘው አይችልም።

ሁለቱንም የምትሸጡ አዘጋጆች ውሉ ላይ የሚለቀቅበትን ሰዓት ጻፉ። “ከውድድሩ በኋላ” የሚል ቃል ጠብ ይወልዳል። የተቀናበረው በዚያው ምሽት ከወጣ ለቀጥታው የሚከፍለው ሰው ይቀንሳል፤ ሦስት ቀን ከዘገየ ደግሞ የሚያየው አይኖርም።

ጥያቄ፦ ዲስኩ አየር ላይ ይጠፋብኛል፤ ሲገኝም የደበዘዘ መስመር ነው። ካሜራ ልቀይር?

አይቀይሩ፤ መጀመሪያ ሸተሩን (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ያስተካክሉ። ጠንካራ ውርወራ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ይህ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ነው። ሸተርዎ 1/60 ከሆነ አንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲነሳ ዲስኩ ግማሽ ሜትር ይሄዳል። የዲስኩ ስፋት ራሱ 21 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የሚታይዎት ዲስክ ሳይሆን ጭረት ነው። በ1/500 ግን የሚሄደው 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለፊልም የሚመከረውን ዝግተኛ ሸተር እዚህ ይተዉት፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ይቅረጹ፣ ሜዳው ክፍት ከሆነ 1/500 ወይም ከዚያ በላይ ያድርጉ። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ምስሉ በነጠብጣብ እንዳይሞላ እስከ 1/250 መውረድ ይቻላል።

ኦቶፎከሱን ያጥፉ፤ ትንሹን ዲስክ ትቶ ቅርንጫፍ ላይ ይዘላል። በሰፊ ሌንስ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) 5.6 ወይም 8 አድርገው ፎከሱን 40 ሜትር ገደማ ላይ በእጅ ያስቀምጡ። ብርሃኑንም በእጅ ይቆልፉት፤ አለበለዚያ ዲስኩ ከጥላ ወደ ሰማይ ሲወጣ ካሜራው ዛፎቹን በአንዴ ያጨልማቸዋል።

አብዛኛው ሰው ዲስኩን የሚያጣው ግን ቶሎ ዙም ስለሚያደርግ ነው። ከተወረወረ በኋላ ለአንድ ሰከንድ ያህል ምስሉን ሰፊ አድርገው ይያዙ፤ አቅጣጫው ሲለይ ቀስ ብለው ይቅረቡ። ቀኝ እጁን ተጠቅሞ በባክሃንድ (ክንዱን ከደረቱ አሻግሮ በመዘርጋት) የወረወረ ተጫዋች ዲስክ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሊዞር ይችላል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ወደ ግራ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ለመዞር ዝግጁ ይሁኑ። ሁለተኛው ካሜራ ማረፊያው ጋ፣ ከመስመሩ ውጪ ዛፍ ተከልሎ ይቁም። መነሻው ላይ ያለው ሰው ዲስኩ ሲለቀቅ በሬዲዮ “ወጣ” ይበለው፤ ያለዚህ ምልክት የማረፊያው ካሜራ ሁልጊዜ ይዘገያል። ተጫዋቹ ለመወርወር ሲቆም በእይታው ውስጥ ያላችሁ ሁሉ አትንቀሳቀሱ። ለመወርወር ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ብቻ ነው፣ እናንተን እየጠበቀ ሊያባክነው አይገባም።

ጥያቄ፦ ለአንድ አዘጋጅ ያለ ክፍያ ቀረጽኩ። በኋላ ምስሉን ለስፖንሰር ሸጠው። መብቱ የማን ነው?

የተፈረመ ወረቀት ከሌለና ተቀጣሪው ካልሆኑ የቅጂ መብቱ የእርስዎ ነው። ምሳ ማቅረብም ሆነ ገንዘብ መክፈል መብቱን አያስተላልፍም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ የሐውልት ቀራፂ ከአሠሪው ማኅበር ጋር በተከራከረበት ጉዳይ፣ በነጻነት የሚሠራ ባለሙያ እንደ ሠራተኛ እንደማይቆጠር ወስኗል። የቪዲዮ ሥራ ላይ ግን ሁለቱ ወገኖች “ተሠርቶ የሚሰጥ ሥራ” መሆኑን በጽሑፍ ከፈረሙ ባለቤቱ አዘጋጁ ይሆናል። የቃል ስምምነት የመጠቀም ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ባለቤትነትን ግን አያስተላልፍም። ስለዚህ አዘጋጁ ምስሉን በራሱ ገጽ ላይ ማሳየቱ የሚያከራክር አይደለም ይሆናል፤ ለሌላ መሸጡ ግን ሌላ ነገር ነው። ጉዳዩን ለጠበቃ ያሳዩ።

በሌላ በኩል፣ መብቱ የእርስዎ ስለሆነ ብቻ ምስሉን እንደፈለጉ መሸጥ አይችሉም። ሜዳው ውስጥ ሲገቡ የፈረሙት የሚዲያ ፈቃድ ይገድብዎታል። የተጫዋቹን ፊት ለሸቀጥ ማስታወቂያ ማዋል የራሱን የተጫዋቹን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ ከቅጂ መብት የተለየ መብት ነው፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ተጫዋቾቹም በግላቸው ከአምራቾች ጋር ውል አላቸው፦ ማክቤዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዲስክ አምራቹ ዲስክራፍት ጋር የ10 ዓመት፣ የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። እንዲህ ያለ ተጫዋች በተፎካካሪ አምራች ማስታወቂያ ላይ ቢታይ ማን እንደሚጠየቅ መገመት አያዳግትም።

ከሚቀጥለው ውድድር በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የት የት እንደሚለቀቅና ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ ስፖንሰር ስንት ሰከንድ መውሰድ እንደሚችል፣ ሙዚቃውን ማን እንደሚያስፈቅድ ይጻፍበት። ያልተቆረጠው ቀረጻ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥም ይጻፍ፤ በዚህ የሚጣሉ ብዙዎች ናቸው፣ ምክንያቱም ማስቀመጥ ራሱ ወጪ አለው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። አራት ካሜራ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢቀርጽ በዙር 360 ጊጋባይት ነው፤ ሦስት ዙር ከአንድ ቴራባይት ያልፋል፣ ቅጂ ሲጨመርበት እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚይዘውን ሃርድ ዲስክ የሚገዛው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ከቀጥታ ስርጭት 20 ሰከንድ ወስጄ ተነተንኩበት፤ ዩቲዩብ ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ላከብኝ። ከ30 ሰከንድ በታች ይፈቀድ የለም እንዴ?

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የሚመዘኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ የአጠቃቀሙ ዓላማ፣ የሥራው ባሕርይ፣ የተወሰደው መጠንና አስፈላጊነት፣ በባለቤቱ ገበያ ላይ የሚያመጣው ጉዳት። ሻምፒዮናውን የወሰነውን አንድ ውርወራ ብቻ እንዳለ መለጠፍ፣ 8 ሰከንድም ቢሆን የውድድሩን እምብርት መውሰድ ነው። ምስሉን እያቆሙ፣ የእጁን አቅጣጫ እየሳሉ፣ የስርጭቱን ድምፅ አጥፍተው በራስዎ ድምፅ ቢያስረዱ አቋምዎ ይጠነክራል።

የኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የሌላ ሰው ምስልን በራሱ የሚለይበት ሥርዓት) ክሌም ቅጣት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የማስታወቂያው ገቢ ለባለቤቱ ይሄዳል። ከተቃወሙ ባለቤቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ሕጋዊ የማስወገድ ጥያቄ ከመጣ ግን ስትራይክ (በቻናሉ ላይ የሚያዝ የጥፋት ምልክት) ይመዘገባል፣ 90 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ከሆኑ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። የተወገደው ቪዲዮ እንዲመለስ ሕጋዊ የተቃውሞ ደብዳቤ ሲልኩ ስምዎና አድራሻዎ ለከሳሹ ይደርሰዋል፣ ክሱንም ለፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል፤ እርግጠኛ ሳይሆኑ አይላኩ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮው ቀርቶ ውጤቱን ብቻ በየደቂቃው ባወጣስ?

ውጤት መረጃ ነው፤ የቅጂ መብት የለውም። የቅርጫት ኳስ ሊጉ የኤንቢኤና ውጤት ያሰራጭ የነበረው የሞቶሮላ ክርክር እ.ኤ.አ. በ1997 ያበቃው በዚሁ መንገድ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ሌላ ፍርድ ቤት፣ የጎልፍ ውድድር አዘጋጁ ፒጂኤ ቱር ራሱ በገንዘቡ የሰበሰበውን የቀጥታ ውጤት ጋዜጠኞች መልሰው እንዳይሸጡ የመገደብ መብት እንዳለው ፈረደ። ስርጭቱን እያዩ ራስዎ ቢቆጥሩ ችግር የለውም፤ የሚዲያ ባጅ አንጠልጥለው ከአዘጋጁ ሥርዓት እየቀዱ ማውጣት ግን የባጁን ውል መጣስ ነው።

ጥያቄ፦ ጫካ ውስጥ ቀጥታ ስርጭታችን እየተቆራረጠ ነው። ድሮን መጨመርስ?

ኔትወርኩን ባዶ ቀን ለክታችሁት ይሆናል። የውድድሩ ዕለት የተመልካቹ ስልክ ሁሉ ያንኑ ምሰሶ ይጋራል፤ ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ለኩ። በሰከንድ 9 ሜጋቢት ለመላክ ከፈለጋችሁ መስመሩ ላይ 15 ያህል ይኑራችሁ። ሲም ካርዶችን የሚያጣምረው መሣሪያ ላይ የተለያዩ ኩባንያዎች ሲም አድርጉ፤ ሁለቱም ከአንድ ምሰሶ ከሆኑ ጥቅማቸው ትንሽ ነው። እርጥብ ቅጠል ምልክት ያዳክማል፣ የሳተላይት ሳህን ደግሞ ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። መስመሩ ከጠበበ ጥራቱን ወደ 720 አውርዱ እንጂ 60 ፍሬሙን አትንኩ፤ ዲስክ የሚታየው በፍሬም ነው። 9 ሜጋቢት ለ5 ሰዓት 20 ጊጋባይት ገደማ ስለሚፈጅ ጥቅሉን በዚያው ልክ ግዙ።

ለሥራ ድሮን የሚያበር ሰው የፓርት 107 (የአሜሪካ የድሮን ደንብ) ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከፍታው ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ አይለፍ፣ በተመልካች ራስ ላይ አይብረር። ድምፁ ተጫዋቹን ስለሚረብሽ ፓት (ቅርጫቱ አጠገብ የሚደረግ አጭር ውርወራ) ሲደረግ አርቁት።

ኔትወርኩ እያለም ቢሆን ስርጭቱን እዚያው ቅረጹት። በአሜሪካ ሕግ የቀጥታ ስርጭት የቅጂ ጥበቃ የሚያገኘው እየተላለፈ በዚያው ቅጽበት ሲቀረጽ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ውርወራ ከመወርወሩ በፊት ሜሞሪ ካርዱ መግባቱንና ቀዩ መብራት መብራቱን አንድ ሰው በኃላፊነት ይፈትሽ።