የስኳር ታካሚን የሚደግፍ ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል? ጥያቄና መልስ

ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚከታተሉ ነርሶችን፣ ሐኪሞችንና ፋርማሲስቶችን ሳሠለጥን ቆይቻለሁ። ከባለሙያዎችም ከታካሚዎችም የደረሱኝን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባለሙያዎቻችን ስለ በሽታውም ስለ መድኃኒቱም ተምረው የተመረቁ ናቸው። ተጨማሪ ሥልጠና ለምን ያስፈልጋቸዋል?

መልስ፦ ተምረው የወጡት በአብዛኛው በሽታውን መርምሮ ማግኘትንና መድኃኒት ማዘዝን ነው፤ ይህን ሕመም ግን ዕለት ተዕለት የሚያስተዳድረው ታካሚው ራሱ ነው። በዓመት አራት ጊዜ ቀጠሮ ያለውና በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሩብ ሰዓት ከባለሙያ ጋር የሚቀመጥ ሰው በዓመቱ የሚያገኘው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በቀሩት 8,759 ሰዓታት የሚበላውን የሚመርጠው፣ ክኒኑን የሚውጠው ወይም የሚተወው፣ የእግሩን ቁስል የሚያየው ወይም ሳያየው የሚቀረው እሱ ነው። የደም ስኳርን መቆጣጠር በትናንሽ የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት፣ በተለይም የዓይንን፣ እንደሚቀንስ በብሪታንያ የተካሄደውና በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ጥናት አሳይቷል። የሚያስቸግረው ይህንኑ እውቀት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ታካሚው ቤቱ ወስዶ ሊሠራበት በሚችል መልክ ማስረከብ ነው፤ እኔ የማሠለጥነውም ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ሥልጠናው ከምን ይጀምራል?

መልስ፦ ከአጠያየቅ። ዊልያም ሚለር በ1983 እ.ኤ.አ. ከአልኮል ጋር ለሚታገሉ ሰዎች ያስተዋወቀው፣ በኋላም ከስቴፈን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው የውይይት ስልት ዛሬ በስኳር ሕክምናም ይሠራበታል። መሠረቱ ሰውየው የመለወጥን ምክንያት ከራሱ አፍ እንዲያወጣው መርዳት ነው። ለሠልጣኞች የማቀርበው ምሳሌ ቀላል ነው። «መድኃኒትዎን በትክክል እየወሰዱ ነው?» የተባለ ሰው «አዎ» ይላል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። አንዲት ሠልጣኝ ግን ስኳራቸው አልወርድ ያለ አዛውንትን «አባባ፣ ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ይረሳል ወይም ይተወዋል፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ያህል ሳይወስዱ ቀሩ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ የስኳር ክኒናቸው ሜትፎርሚን ሆዳቸውን ስለሚያስቀምጣቸው ከቤት በሚወጡባቸው ቀናት ሁሉ እንደሚተዉት ተናገሩ። መድኃኒቱ ከ500 ሚሊ ግራም ተነሥቶ፣ ከምግብ ጋር እየተወሰደ፣ ቀስ በቀስ ቢጨመር ሆድ እንደሚለምደው ሠልጣኟ ድሮም ታውቅ ነበር፤ እውቀቷ ሥራ ላይ የዋለው ግን ያንን ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ታካሚው የነገርነውን መረዳቱን እንዴት እናረጋግጥ?

መልስ፦ «ገባዎት?» በሚለው አይደለም። «በግልጽ አስረድቼ እንደሆነ ማወቅ ስለፈለግሁ፣ ቤት ሲደርሱ ለቤተሰብዎ እንዴት አድርገው እንደሚነግሩ ይንገሩኝ» ይበሉ። ተጠያቂው የአስረጂው ንግግር እንጂ የታካሚው ችሎታ ስላልሆነ ማንም አያፍርም።

ጥያቄ፦ የእጅ ሥራ የሚጠይቁትን ክህሎቶች፣ ለምሳሌ የእግር ምርመራን፣ በገለጻ ማስተማር በቂ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አጥብቄ የምከራከርበትም ነጥብ ይኸው ነው። የስሜት መቀነስን ለመለየት የምንጠቀምበት ሞኖፊላመንት በ10 ግራም ኃይል የሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ነው። ጀማሪ ባለሙያ ክሩን እያስነካ «ይሰማዎታል?» ይላል፤ ታካሚውም ድምፁን ተከትሎ «አዎ» ይላል፤ የደነዘዘ እግርም ጤነኛ ተብሎ ይመዘገባል። ትክክለኛው አሠራር ክሩን አስቀድሞ በታካሚው እጅ ላይ አሳይቶ፣ ዓይኑን አስጨፍኖ፣ በተሰማው ቁጥር ራሱ እንዲናገር ነግሮ፣ የደደረ ቆዳን እየሸሹ ክሩ እስኪታጠፍ ድረስ ለአንድ ለሁለት ሰከንድ መጫን፣ በንክኪዎቹ መካከል ያለውንም ጊዜ መለዋወጥ ነው። ይህ አጠገቡ ሆኖ የሚያርመው ሰው ከሌለ በእጅ አይገባም። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው፤ ሠልጣኙ መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ታካሚው የሚወጋበትን ቦታ አይቶና ዳስሶ ማወቅ አለበት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚወጋ ሰው ከቆዳው ሥር እብጠት ያወጣል፤ ኢንሱሊኑም ከዚያ በወጥነት ወደ ደም አይገባም። ወደ ጤነኛ ቦታ ሲዛወር ስኳሩ ከሚጠበቀው በላይ ሊወርድ ስለሚችል መጠኑን መቀነስ ሊያስፈልግ እንደሚችልም ማወቅ ይገባል።

ጥያቄ፦ እኔ ታካሚ ነኝ። የስኳር መጠኔ ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚቆጡኝ ከቀጠሮዬ መቅረት ጀምሬአለሁ። ይህ በሥልጠናው ይነሣል?

መልስ፦ ይነሣል፤ ስለደረሰብዎትም አዝናለሁ። ከሕመሙ ጋር ከመኖር የሚመጣው ድካምና መሰላቸት የታወቀ ነገር ሲሆን የሚለካባቸውም መጠይቆች አሉ፤ ስንፍና አይደለም። ሠልጣኞቻችን በካርድ ላይ «ምክር አይቀበልም» ብለው መጻፍን እንዲተዉና በምትኩ ያጋጠመውን እንቅፋት እንዲጽፉ እናደርጋለን፤ «መርፌ ይፈራሉ» የሚለውን ያነበበ ቀጣይ ባለሙያ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃልና። እባክዎ ቀጠሮዎን አይተዉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሲቀመጡ «ዛሬ ከቁጥሩ በፊት የማነሣው ነገር አለኝ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ ለሁሉም ታካሚ የሦስት ወሩን አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየውን የምርመራ ውጤት (HbA1c) ከ7 በመቶ በታች ማድረስ አለብን?

መልስ፦ ለብዙ አዋቂዎች ተገቢ ግብ ነው። በዕድሜ ለገፉ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው ወይም ስኳራቸው በድንገት ለሚወርድባቸው ግን ላላ ይደረጋል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም የስኳሩን ቁጥር ያወርዳል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም፤ ለሠልጣኞችም ይህን አልደብቅም። በ2008 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የታተመ ጥናት 824 አዲስ ታካሚዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ከፊሎቹ በሠለጠኑ ባለሙያዎች የስድስት ሰዓት ትምህርት ተሰጥቷቸዋል። እነርሱ ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ቀነሱ፣ ሲጋራ ያቆሙትም በዙ፣ ስለ ሕመማቸው ያላቸው ግንዛቤም ተሻሻለ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን በአማካይ የስኳር መጠን ልዩነት አልታየም። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ትምህርት እንደማይበቃና ድጋፉ በየቀጠሮው መቀጠል እንዳለበት ነው።

ጥያቄ፦ ሠልጣኙ መብቃቱ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በጽሑፍ ፈተና ብቻ አላሳልፍም። ታካሚው ሲፈቅድ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጬ፣ ሠልጣኙ ስንት ደቂቃ እንደተናገረና ታካሚው ስንት ደቂቃ እንደተናገረ እጽፋለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሼ እንደገና እጽፋለሁ፤ ሁለቱን ወረቀቶችም ጎን ለጎን አድርገን አብረን እናያቸዋለን።