«ፈቃዱ ነው» ያልኳት እናት

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ በቴሌግራም «ሲስተር፣ እግዚአብሔር ቻይም ደግም ከሆነ ሕፃን ለምን ይሞታል?» ብሎ ላከልኝ። የዛሬ ልጆች መቼም ሁሉን ነገር እንደ ቲክቶክ በአንድ ደቂቃ ነው የምትፈልጉት። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጅማ ውስጥ ነርስ ሆኜ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ወባ የሚበረታበት ሰሞን፣ ማታ አንዲት ነፍሰ ጡር ከነባሏ ከአሰንዳቦ በኩል የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ወባው ደሙን ጨርሶት መዳፉ ወረቀት መስሏል። ደም ይሰጠው ተባለ፣ ፍሪጁ ባዶ ነው። የአባትየው አልገጠመም፣ ሌላ ሰጪ ፍለጋ በዝናብ ወጣ፣ ሳይመለስ ሊነጋ ሲል ልጁ አረፈ። እናትየው እጄን ይዛ «ሲስተርዬ፣ ምን በድዬ ነው?» አለችኝ። ያኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ጎበዝ የሚሉኝ ነበርኩ፣ የአዳም ውድቀት፣ የሰው ነጻ ፈቃድ፣ የሚወደውን ይፈትናል፣ ሁሉንም ደረደርኩላትና «ፈቃዱ ነው» ብዬ ዘጋሁት። አቀርቅራ ሰማችኝ፣ ከዛ «በኔ ኃጢአት ነው በይኛ» ብላ እጄን ለቀቀችው።

አጠገቧ ልጇን የምታስታምም ሙስሊም ሴት ነበረች። ምንም አላለችም፣ ከፔርሙስ ቡና ቀድታ አስያዘቻትና መሬት ላይ አብራት ቁጭ አለች። የጅማ ሰው ሆስፒታልም ሲመጣ ቡናውን አይረሳም።

የኢዮብ ጓደኞችም እኮ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ተቀምጠው ነበር፣ ያጠፉት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እሱም ወላጆቹም አልበደሉም» ብሏል፣ የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎችም ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች አይደሉም ብሏል። ይሄን ሁሉ ያን ሌሊት በቃሌ አውቀው ነበር።

ጸልዩ ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሐዘን ቤት ገብታችሁ ግን አታብራሩ። ማብራሪያ ምን ያደርጋል? ቢሆንም አንብቡ፣ እኔ አሁንም አነባለሁ። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ ሰው ገና እንደ ሕፃን ነው የተፈጠረው፣ በመከራም እየበሰለ ያድጋል ይላል፣ ለትልቅ ሰው እሺ፣ ያ ልጅ ግን በምኑ ይደግ? የሚቀርበኝ ሌላው የጥንት አባት አውግስጢኖስ ነው፣ ክፋት የራሱ ህልውና የለውም፣ የመልካም ጉድለት ነው ይላል። ጉድለት ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ ባዶ ፍሪጅ ነው።

እና ለማንም ያልነገርኩት፣ ደሜ ኦ ነው፣ ለአብዛኛው ሰው የሚሆን። አውቅ ነበር። የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ብደክምስ ብዬ ዝም አልኩ፣ ከዛ ሄጄ ስለ ነጻ ፈቃድ አስተማርኳት።

ለጎረቤቴ ልጅ «ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ፣ ና» ብዬ ጻፍኩለት። «እሺ፣ መልሱስ?» አለኝ።