የድሮውን መላጫ ልግዛ ወይስ አዲሱን?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ባለ ብዙ ስለቱ የፕላስቲክ መላጫ አንገቴን በእባጭ ፈጀው። ጺሜ ከርዳዳ ነው። አንድ ምላጭ ብቻ ወደሚገባበት የብረት መላጫ ልዞር ነው። ሁለት አማራጭ አለኝ። አንዱ አዲስ ነው፤ ሦስት ቦታ ይፈታል፣ ክሮም ተለብጧል። ሌላው የድሮ ጂሌት ነው። ከእጀታው ሥር ያለው ማዞሪያ ሲዞር አናቱ እንደ በር ለሁለት ይከፈታል። አንገቱ ላይ ከ1 እስከ 9 ቁጥር አለው፤ ከአናቱ ሥር ‹ኤፍ 3› ተቀርጾበታል። ሻጩ ‹የዛሬው ቆርቆሮ ነው፣ የድሮው ነው ዕቃ› ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞ ተላጭቼ ስጨርስ ምላጩን በፎጣ ልጥረገው?»

ሻጩ ግማሹን እውነት ነግሮሃል። ግማሹን ደግሞ ሊሸጥልህ ፈልጎ ነው።

እውነቱ ይሄ ነው። ያንተ ዓይነቱ የድሮ ጂሌት ናስ ነው፤ ላዩ በኒኬል ተለብጧል። ርካሽ ከሆኑት አዳዲሶቹ ደግሞ ብዙዎቹ ዛማክ ከሚባል ቅይጥ በቅርጽ ፈስሰው የሚወጡ ናቸው። ዛማክ አብዛኛው ዚንክ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ ይገባበታል። ቆርቆሮ አይደለም። ልባጡ እስካልተላጠ ድረስ ዓመታት ያገለግላል። ድክመቱ ብሎኑ ላይ ነው። ናስ ሲወድቅ ይጎብጣል፣ ዛማክ ግን ቀጭ ይላል። እኔ ራሴ አንዱን እርጥብ እጅ ላይ አሟልጮኝ ወለል ላይ ጣልኩት። ሳነሳው ብሎኑ እጀታው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዛማክ ሳጠብቅ በሁለት ጣት ብቻ ነው። አዲስ ሆኖ ስቴንለስ ስቲል የሆነውን ካገኘህ ይህ ሁሉ ስጋት የለበትም፤ የሚላጥ ልባጥም የለው።

ግን ብረቱ አይላጭህም። የሚላጭህ ምላጩ ነው። ዛሬ የሚሸጠው ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ለሁለቱም ይገባል። የመላጫው ሥራ ይህን ስስ ነገር ሳይንቀጠቀጥ መያዝ ነው። ከዚያ ስለቱ ምን ያህል ወጣ ይበል፣ ከሥሩ ካለው መከላከያ ጠርዝ ጋር ምን ያህል ክፍተት ይኑረው የሚለውን ይወስናል። ክፍተቱ ሲጠብ ለዘብ ይላል፤ ሲሰፋ ኃይለኛ ይሆናል። ስለዚህ ከድሮውም ለስላሳ አለ፣ ከአዲሱም ቆዳ የሚገፍ አለ። ዕድሜ አይነግርህም።

አሁን ወደ ኤፍ 3። ፊደሉ ዓመት ነው፣ ቁጥሩ ሩብ ዓመት። በእነዚህ ጂሌቶች ላይ ኤ 1955 ነው፤ እየቆጠርክ ስትሄድ ኤፍ 1960 ላይ ያርፋል። 3 ማለት ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ሩብ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ቁጥሩን በማዞር ክፍተቱ የሚስተካከልበት ይህ ዓይነት ገበያ ላይ የወጣው በ1958 ስለሆነ ነገሩ ይገጥማል። 1 ለዘብተኛው፣ 9 ኃይለኛው ነው። ላንተ ይህ ጌጥ አይደለም። አንገትህን በ2፣ ጉንጭህን በ4 ልትላጭ ትችላለህ። ሦስት ቦታ የሚፈታው አዲሱ አንድ ጠባይ ብቻ ነው ያለው።

ችግሩ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ያረጃል። ስለዚህ ሳትከፍል በፊት አዲስ ምላጭ ይዘህ ሂድ። አስገባና ክንፎቹን ዝጋ። ሁለቱ ክንፎች መሃል ላይ እኩል መግጠም አለባቸው፤ አንዱ ከፍ ብሎ ከታየህ ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። ቀጥሎ መላጫውን ወደ ብርሃን አቅናና በስለቱና በመከላከያው ጠርዝ መካከል የሚታየውን ቀጭን የብርሃን መስመር ተመልከት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለበት። አዙረህ ሌላውንም ጎን እይ። አንዱ ጎን ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ በግማሹ ትላጫለህ፣ በግማሹ ትቆረጣለህ። ከዚያ ቁጥሩን ከ1 እስከ 9 አዙር። ክፍተቱ በዓይን ሲሰፋ መታየት አለበት። ቁጥሩን ከማዞርህ በፊት ግን ከሥር ያለውን ማዞሪያ ሩብ ዙር ያህል አላላ፤ ጠብቆ እያለ ማዞር ውስጡን ይጎዳል። ሻጩ «ይሄ ሁሉ ምርመራ ለምን?» ካለ ሸኘው።

የተጫጫረና የደበዘዘ መልክ አያስጨንቅህ። ናሱ ብቅ ያለበት ቦታ አረንጓዴ ነገር ቢያወጣ ታጥቦ ይሄዳል። ኒኬል ቆዳህን የሚያሳክክህ ከሆነ ግን የድሮውን ተወው።

እኔ ብሆን? ፈተናውን ካለፈ የድሮውን እወስዳለሁ፤ ለአንገትህ ስል፣ ለቁጥሩ ስል። ካላለፈ ግን አዲሱን፣ ያውም ለዘብተኛ የሚባለውን። መከላከያ ጠርዙ እንደ ሚዶ ጥርስ የሆነውን አትምረጥ፤ ለጀማሪ አይሆንም። የድሮውን ገዝቼ እጠግነዋለሁ ብለህ ደግሞ አትሞኝ። ይህ ዓይነቱ ያለ ልዩ መሣሪያ አይፈታም፤ በመፍቻ የተነካካ ብዙ አይቻለሁ፣ አንዱም በሰላም አልተመለሰም።

የድሮውን ከገዛህ የሌላ ሰው ደም ነክቶት ሊሆን እንደሚችል አትርሳ። የጉበት በሽታ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። አብሮ የመጣ ምላጭ ካለ ጣለው። መላጫውን በሞቀ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሸው። የተጋገረው የሳሙና ዝቃጭ እስኪለቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ዘፍዝፈው። ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ንከረው። አትቀቅለው፣ በረኪና አታስነካው። ሲደርቅ ማዞሪያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል።

ስለ እባጩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ካልሰማህ የትኛውም መላጫ አያድንህም። ባለ ብዙ ስለቱ ጸጉሩን ጎትቶ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ከርዳዳ ጸጉር ሲያድግ ታጥፎ ቆዳውን ይወጋል። ባለ አንዱ ምላጭ ይህን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ቆዳህን አትወጥር። ጸጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ብቻ ተላጭ፤ ሽቅብ አትሂድ። መላጫውን ወደ 30 ዲግሪ አዘንብለውና ክብደቱ ራሱ ይሥራ፤ አትጫን። እጅህ ከፕላስቲኩ የለመደው መጫንን ነው፤ እሱን ለመርሳት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የድሮውን ከገዛህ ቁጥሩን 3 ላይ አድርገህ ጀምር። ምላጩን በ4 ወይም 5 መላጨት ቀይር። እባጩ ወደ ጠባሳ ካደገ ወይም መግል ከያዘ ምላጩን አስቀምጥና የቆዳ ሐኪም ይይህ።

ፎጣው? አይሆንም። ስለቱ ፎጣ ላይ ይደንዛል፣ ጣትህንም ይቆርጥሃል። አለቅልቀው፣ ውሃውን አራግፈውና አየር ያድርቀው።