ብረት የምታነሱ፣ ትከሻ ላይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ (ጥያቄና መልስ)

ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ ብረትም አነሳለሁ። በውስጥ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ባንዴ እንጨርሰው፣ ጠይቁ።

ጥ፦ ቤንች ስገፋ (በጀርባዬ ተኝቼ ባሩን፣ ማለት ረጅሙን ብረት፣ ወደ ላይ ስገፋ) ትከሻዬን ከፊት በኩል ይወጋኛል፣ ሌላ ጊዜ ምንም አይለኝም። ልተወው?

መ፦ አትተወው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ክርንህን እይ። ብዙ ሰው ክርኑን ከትከሻው እኩል ዘርግቶ ነው የሚገፋው፣ ከጎንህ ወደ 45 ወይ 60 ዲግሪ ሰብሰብ አድርገው፣ ባሩም የሚያርፈው ደረትህ ላይ ዝቅ ብሎ እንጂ አንገትህ ስር አይደለም። እንቢ ካለ ለጥቂት ሳምንት ወለል ላይ ተኝተህ በደምቤል (በአንድ እጅ በሚያዘው አጭር ብረት) ግፋ፣ መዳፎችህ እየተያዩ፣ ወለሉ ክርንህን ስለሚያቆመው ትከሻህ ከልክ በላይ ወደ ኋላ አይለጠጥም።

ጥ፦ 2 ወር ሙሉ አረፍኩ፣ ህመሙም ጠፋ፣ ጂም በተመለስኩ በሳምንቱ ግን ያው በያው ሆነ።

መ፦ እኔ ጋ ከሚመጣው ግማሹ ይሄ ነው በሉት። እረፍት ህመሙን ያበርደዋል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም፣ እንደውም በ2 ወር ውስጥ ይባስ ደክሟል፣ አንተ ደግሞ የድሮውን ኪሎ ይዘህ ገባህበት። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው ስለዚህ ቀንሰህ ጀምር እና ህመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጠው፣ ስትሰራ እስከ 3 ከሆነ ችግር የለውም፣ ዋናው የማግስቱ ጠዋት ነው፣ ሸሚዝ ስትለብስ ከትናንቱ ካልባሰብህ ኪሎው ልክ ነው፣ ከባሰብህ ቀንስ። 12 ሳምንት አካባቢ ብለህ አስበው፣ በ10 ቀን የሚያድን ፕሮግራም የሚሸጥልህን አትስማ።

ጥ፦ በባንድ (በሚለጠጠው ላስቲክ) የሚሰራው ክንድን የማዞር ነገር እውነት ይጠቅማል ወይስ ለታይታ ነው?

መ፦ በደንብ ከተሰራ ይጠቅማል። ሮቴተር ከፍ የሚባሉት 4 ጡንቻዎች የክንዳችንን አጥንት ራስ ጉድጓዱ መሀል ይዘው የሚያቆዩት ናቸው። ፎጣ ጠቅልለህ በክርንህና በጎንህ መሀል ያዝ፣ ክርንህን 90 ዲግሪ እጠፍ፣ ባንዱን ወደ ውጭ ሳብ፣ ስትመልሰው 3 ሰከንድ ይፍጅብህ። ፎጣው ከወደቀ ክርንህ ሸሽቷል፣ ወገብህ አብሮ ከዞረ ደግሞ ባንዱ ከብዶሃል። በየዙሩ 15 ጊዜ እየደጋገምክ 3 ዙር ይበቃል። ግን ሳምንቱን ሙሉ ደረት እየሰራህ ጀርባ የማታውቅ ከሆነ ባንድ ብቻ አያድንህም፣ ሮው (ክብደት ወደ ራስህ የምትስብበትን) ጨምር።

ጥ፦ ትከሻዬ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አያመኝም።

መ፦ ካላመመህ እርሳው።

ጥ፦ ኤምአርአይ ተነስቼ የትከሻሽ ጅማት ላይ ትንሽ መቀደድ አለ አሉኝ፣ ስፖርት ልተው እንዴ?

መ፦ እህቴ አትደንግጪ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም ይታያል፣ በተለይ እድሜ ሲገፋ። ከምስሉ በላይ ክንድሽ ምን ይችላል የሚለው ነው ወሳኙ፣ ብዙውን ጊዜም ቀስ በቀስ በሚጨምር እንቅስቃሴ ይሻላል። ካየሽ ሀኪም ጋር ተነጋግረሽ ጀምሪ።

ጥ፦ ታዲያ መቼ ነው ቶሎ ሀኪም ቤት መሄድ ያለብን?

መ፦ ድንገት ጧ ብሎ ክንድህ አልነሳም ካለ፣ ከወለቀ፣ እጅህ ከደነዘዘ ወይ ትኩሳትና እብጠት ካለው አትጠብቅ። ደረት እያስጨነቀ ላብ እያላበ የሚመጣ የትከሻ ህመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ጥ፦ ከአንገት ኋላ ፕረስስ (ባሩን ከአንገት ጀርባ ይዞ ወደ ላይ መግፋት)?

መ፦ ትከሻው በደንብ የሚተጣጠፍለት ሰው ይሰራዋል። አንተ አሞህ ከሆነ የምትጠይቀኝ ግን ከፊት ግፋ፣ ምንም አይቀርብህም።